ከዱቤ ደብተር የሚወጣ ታሪክ፦ ጀማሪ ጸሐፊ ሐሳብ ከየት ያገኛል?

ልብ ወለድ መጻፍ የሚፈልጉ ወጣቶች ደሴም ኮምቦልቻም ሲያገኙኝ ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነው። ‹‹መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ግን ምን ልጻፍ?›› ይሉኛል። አንዳንዱ አዲስ አበባ ባለመኖሩ ይቆጫል። ሌላዋ ትልቅ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም ብላ ታዝናለች። የእነሱ ሰፈር ምንም የማይፈጠርበት ይመስላቸዋል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ሰፈራቸው ሞልቶ የተረፈ ታሪክ አለው። እሱን ለማየት ግን በመጀመሪያ የልብ ወለድ ሐሳብ የሚባለው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ጀማሪ ሐሳብን ከርዕሰ ጉዳይ ጋር ያምታታዋል። ‹‹ስለ ስደት ልጽፍ ነው›› ይላል። ‹‹ስለ ፍቅር››፣ ‹‹ስለ ድህነት›› ይላል። እነዚህ ርዕሰ ጉዳዮች ናቸው። በስደት ላይ ሺህ ታሪክ ሊጻፍ ይችላል። ስደት የሚለው ቃል ብቻውን ግን አንድ ገጽ አያስጽፍም። ‹‹ስደት ክፉ ነው›› ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ይጠፋባችኋል።

ሐሳብ ሲባል ውስጡ ሰው አለ። ሰውየው የሚፈልገው ነገር አለ። የሚከለክለው ነገርም አለ። በዚህ ላይ ‹‹ለምን ዛሬ?›› ለሚል ጥያቄ መልስ ሲኖረው መጻፍ ይቻላል።

ለምሳሌ አንዲት እናት አለች እንበል። ልጇ ሳዑዲ ናት፤ በየጊዜው ብር ትልካለች። እናትየው በስልክ ‹‹ቤትሽን እያሠራሁልሽ ነው›› ትላታለች። ቤቱ ግን የለም። ብሩ ለታናሽ ወንድሟ ሕክምና አልቋል። አሁን ልጅቷ ደውላ ‹‹ለአረፋ እመጣለሁ›› አለች።

ይኼ ሐሳብ ነው። ስደት የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም፤ ስደት ግን ከነጓዙ እዚህ አለ። እናትየው የልጇን ዓይን ማየት ትናፍቃለች። መምጣቷን ደግሞ ትፈራለች። ሁለቱም እውነት ነው። አንድ ሰው ልብ ውስጥ ሁለት እውነት ሲጋጭ ልብ ወለድ ይወለዳል። እኔ ሐሳብ ሲነገረኝ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ግጭት ነው። ከሌለ ‹‹ገና ነው›› እላለሁ።

ታዲያ እንዲህ ያለው ነገር ከየት ይገኛል? በየቀኑ ከምናልፍበት መንገድ። ችግሩ ዓይናችን የለመደውን ነገር አያየውም። ሁሉን እያስተዋልን ብንሄድ ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ኮምቦልቻ ለመውረድ ቀኑ አይበቃንም ነበር። ስለዚህ አእምሯችን ‹‹እንደ ወትሮው ነው›› ብሎ ይዘጋዋል። ጸሐፊ የሚጠብቀው ከወትሮው ወጣ ያለችውን ነገር ነው። ትልቅ መሆን የለባትም። እንዲያውም ትንሽ ስትሆን ይሻላል።

የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር እንውሰድ። ጥጋጥጉ የተጣጠፈ፣ ሽፋኑ በዘይት የወዛ ደብተር ነው። ባለሱቁ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ ይሰጣል። ከላይ ስም ይጻፋል። አንዳንዴ ስም የለም፤ ‹‹የአስተማሪው ሚስት›› ወይም ‹‹አረንጓዴ በር›› ተብሎ ይታለፋል። ከስር ሩብ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሳሙና፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ የሞባይል ካርድ። ደመወዝ ሲወጣ ሒሳቡ ይከፈልና ገጹ በአንድ ረጅም መስመር ይሰረዛል። በማግስቱ እንደገና ሩብ ኪሎ ስኳር ተብሎ ይጀመራል።

ደብተሩን መግለጥ አያስፈልጋችሁም፤ የሰው ገመና መግለጥ ነውርም ነው። በረንዳው ላይ ቆሞ ሰው ሲገዛ መስማት ይበቃል። ሁልጊዜ ሩብ ኪሎ ስኳር የምትወስድ ሴት አለች እንበል። ዛሬ ‹‹ሁለት ኪሎ አድርግልኝ›› አለች። ባለሱቁም ‹‹እንግዳ መጣ እንዴ?›› አላት። ‹‹ኧረ ምንም የለ፣ ጻፈው ብቻ›› ብላ ፌስታሏን ይዛ ሄደች።

እዚህ ላይ ሌላው ሰው ዳቦውን ገዝቶ ወደ ቤቱ ይገባል። እናንተ እዚህች ላይ ቁሙ። ሁለት ኪሎ ስኳር የሚያስገዛት ምንድነው? ለቅሶ ቢሆን ሰፈሩ ይሰማ ነበር። ሽማግሌ ሊመጣ ነው? ከሆነ ለምን ትደብቀዋለች? ምናልባት የተጠየቀችው ታናሽ ልጇ ናት፤ ትልቋ ገና አልሰማችም። እሱም አንድ ታሪክ ይወጣዋል።

ወይም ደግሞ ስኳሩ ለእሷ ቤት አይደለም። ጎረቤቷ ባሏ ሥራ ፈቶባት ዕዳዋ ከፍ ስላለ ዱቤ ተከልክላለች። ይቺ ሴት ‹‹አብሽሪ፣ በኔ ይጻፍ›› ብላታለች። በራሷ ገጽ እያስጻፈች ማታ ማታ በአጥር በኩል ታቀብላታለች። ሒሳቡን የሚከፍለው ግን የራሷ ባል ነው። ወር ሊሞላ ደግሞ ጥቂት ቀን ቀርቶታል።

ምረጥ ብባል ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱንም ልንገራችሁ። ሴትየዋ የምትፈልገው ነገር ግልጽ ነው፦ ጎረቤቷን ሳታዋርድ መርዳት። የሚከለክላትም ግልጽ ነው፦ ባሏ፣ አቅማቸው፣ ያ ገጽ። ጊዜውም ራሱ ይገፋል፤ ወሩ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር መሆኑ አይቀርም። ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ግን ባለሱቁ ነው። ጎረቤትየዋን ዱቤ የከለከለው እሱ ነው። አሁን ለማን እንደሚሸጥ ያውቃል፤ እንዳላወቀ ሆኖ ይጽፋል። ሽጦ ያተርፋል። ባልየው ደብተሩን ይዞ ‹‹ይኼ ሁሉ ስኳር የት ገባ?›› ሲለው ምን ይመልሳል? እውነቱን ቢናገር ሁለት ቤት ያፈርሳል። ዝም ቢል ራሱ ሌባ ሊባል ነው።

ልብ በሉ፤ ታሪኩን ከሴትየዋ ወገን ብትነግሩት የደግነት ታሪክ ይሆናል። ከባለሱቁ ወገን ብትነግሩት የህሊና ታሪክ ይሆናል። ከጎረቤትየዋ ወገን ደግሞ፣ በሰው ደግነት ስለሚደርስ ውርደት ይሆናል። ከዱቤ ደብተር አንድ ገጽ ሦስት የተለያየ ታሪክ ወጣ ማለት ነው። ሐሳብ ካገኛችሁ በኋላ ‹‹ማን ይንገረው?›› ብላችሁ ሳትጠይቁ መጻፍ አትጀምሩ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሻለው ዝም በማለቱ ብዙ የሚያጣ ሰው ነው። እዚህ ላይ እኔ ባለሱቁን እመርጣለሁ።

ሌላም ነገር አስተውሉ። የሴትየዋን እውነተኛ ምክንያት አልጠየቅናትም። ምናልባት ስኳር ሊወደድ ነው የሚል ወሬ ሰምታ ይሆናል፤ በቃ። እውነቱን ብትነግረን ኖሮ ሐሳቡ እዚያው ይሞት ነበር። እሷ የሰጠችን ጥያቄውን ብቻ ነው። መልሱን ያመጣነው ከራሳችን ነው፤ ስለዚህ ታሪኩም የእኛ ነው።

ወደ ጆሮ ልሂድ። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው ስልክ ሲያወራ ግማሹን ብቻ ነው የምትሰሙት። ‹‹እሺ... አይ፣ እሱ እንዳይሰማ... ቆይ ወርጄ እደውልልሃለሁ።›› ወርጄ? ለምን እዚሁ አላወራም? ሚኒባሱ ውስጥ እንዲሰማ የማይፈልገው ሰው አለ ማለት ነው? ማን? ከፊት የተቀመጡት አዛውንት? ረዳቱ? መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠመዝማዛውን ወርዳችሁ እስክትጨርሱ የሌላኛውን ወገን ንግግር በልባችሁ ጻፉት። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም። ንግግር መጻፍም በዚያው ትለምዱበታላችሁ።

ከመንገድ ይልቅ ግን የሚበልጠው የቡና ወግ ነው። እኛ ጋ ቡና በጥድፊያ አይጠጣም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለው፤ ዱዓውም ምርቃቱም አለ። እንዳስተዋልኩት ጨዋታውም እንደ ሲኒው ደረጃ አለው። በአቦል ጊዜ ስለ ጤንነት፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ይወራል። በቶና የሰው ወሬ ይመጣል። ሰው የመጣበትን እውነተኛ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው በረካ ላይ ነው፤ አንዳንዴም ነጠላውን አስተካክሎ ለመሄድ ሲነሳ በር ላይ። ታሪካችሁ ውስጥ ሰዎች ገና እንደተገናኙ ሆዳቸውን የሚዘረግፉ ከሆነ የቡናውን ሥርዓት አስታውሱ። ሰው ዙሪያውን ሳይዞር ወደ ሆዱ አይገባም።

ጀማሪ የሚባለውን ይሰማል። የሚዘለለውን መስማት ደግሞ ይለመዳል። ሴቶች ቡና ላይ ተቀምጠዋል። በጨዋታ መሃል የአንድ ሰው ስም ይነሳል። ባለቤቲቱ ተነስታ ምድጃው ላይ ከሰል ትጨምራለች። እሳቱ ግን ደህና ነበር። ከሰል የሚያስፈልገው አልነበረም። ይቺን እንቅስቃሴ ካያችሁ ‹‹ልቧ ደነገጠ›› ብላችሁ መጻፍ አያስፈልጋችሁም። እሳቱ ደህና ሆኖ ሳለ ከሰል ጨመረች ብላችሁ ጻፉ፤ አንባቢው ቀሪውን ያውቀዋል።

ሕግ ያለበት ቦታም ለልብ ወለድ ይመቻል። ሕግ ባለበት ሁሉ በበቂ ምክንያት ሕጉን መጣስ የሚፈልግ ሰው ይኖራል። በሌላው አገር እድር የሚባለው እኛ ጋ ቅሬ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባንድ ቅሬ ይቀባበራል። የቀረ ይቀጣል። አሁን በድንበር ተጣልተው ለዓመታት የማይነጋገሩ ሁለት ገበሬዎችን አስቡ። የአንደኛው እናት ሞተች። ሌላኛው የቅሬው አባል ስለሆነ መቃብር ሊቆፍር መውጣት አለበት። ቢቀር ቅጣቱን ከፍሎ ይገላገላል፤ የሰው ዓይን ግን ይጠብቀዋል። ቢሄድ ደግሞ ለጠላቱ እናት አካፋ ሊይዝ ነው። በዚያ ላይ ልጅ ሆኖ ሴትየዋ እርጎ ስታጠጣው ያደገ ይሆናል። ይኼን ሰው ቤቱ በር ላይ፣ አካፋውን ይዞ፣ ሳይወጣ አቁሙትና ከዚያ ጻፉ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስበኝን ነገር ልናገር። ስለ ወሎ ሲጻፍ ‹‹ሙስሊምና ክርስቲያን ተዋደው የሚኖሩበት›› የሚል ነገር ይበዛል። ፍቅሩ እውነት ነው፤ እኔም ያደግኩበት ነው። ነገር ግን እንዲህ ብሎ የሚጀምር ታሪክ ቶሎ ስብከት ይሆናል። መዋደዱ የሚኖረው በየቀኑ በሚሠራ ትንንሽ ሥራ ውስጥ ነው። የተደበላለቀ ቤተሰብ ሠርግ ሲያደርግ የሙስሊሙ ሥጋ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል። ማን ያርዳል? ማን ወጥ ይሠራል? በአንደኛው ወገን ድንኳን ወጥ ቢያልቅስ? የሙሽራዋ አክስት ‹‹ሆን ብለው ነው›› ብትልስ? እነዚህን ጥያቄዎች የመለሰ ጸሐፊ ስለ መቻቻል አንድ ቃል ሳይናገር መቻቻልን ያሳያል፤ የሚያስከፍለውንም ጭምር።

ስለ ዘፈንም እንዲሁ። አምባሰልና ባቲ ተብለው በእኛ አገር ስም የሚጠሩ ቅኝቶች አሉን። ወሎ በዘፈን ብዙ ተወድሷል። ጀማሪ ጸሐፊ ሳያስበው ሰውን ከዘፈን ይቀዳል፤ ሴቷ ሁሉ ቆንጆ፣ ጎረቤት ሁሉ ደግ ይሆናል። ሁሉም ቆንጆ ከሆነ ቁንጅና ማንንም ከማንም አይለይም። ሰኞ ባቲ ገበያ ውጡ። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ገበያ ነው። እዚያ ፍየል እያሻሻጠች ዋጋ በሦስት ቋንቋ የምትከራከር ልጅ ብታዩ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደምትቆጣ አስተውሉ። በየትኛው እንደምትለማመጥም። ዓይኗን ከመግለጽ ይልቅ እሱን ብትጽፉት ያቺ ልጅ ከሌላ ከማንም ጋር አትምታታም።

አንዳንዶች ‹‹ትልቁን ታሪክስ?›› ይሉኛል። የ1966ቱን ረሃብ፣ የ1977ቱን ድርቅ፣ ሰፈራውን፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ የደረሰበትን ጊዜ ማለታቸው ነው። መጻፍ አለበት። መግቢያው ግን በትንሹ በር ነው። አያታችሁን ‹‹ድርቁ እንዴት ነበር?›› ብትሏቸው ‹‹ክፉ ነበር ልጄ፣ አይመልሰው›› ብለው ይዘጉታል። ‹‹ስትወጡ ከቤት ምን ይዛችሁ ወጣችሁ? ምኑን ተዋችሁት?›› ብትሏቸው ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ያኔ ብዙ የወሎ ሰው በሰፈራ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ መተከል ሄዷል። ምጣዱን ማን ተሸከመ? ውሻው ማን ጋ ቀረ? በ2014ም እንደዚሁ፤ ሰው ቤቱን ቆልፎ ሲሸሽ ቁልፉን ማን ጋ ተወ?

ይቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ ትንሽ ግፉት። መሄድ ያቃታቸው አንድ አሮጊት ሰፈሩ ላይ ቀሩ። የሰባት ቤት ቁልፍ መቀነታቸው ላይ ቋጥረዋል። ሁሉም ‹‹አደራ እማማ›› ብሎ ሄዷል። አሁን አንድ የማያውቁት ቤተሰብ፣ ሕፃን የታቀፈች እናት ያለችበት፣ ማደሪያ አጥቶ በራቸው ላይ ቆሟል። ከሰባቱ የማንን ቤት ይከፍታሉ? ጦርነት የሚያህል ነገር በአንድ ቁልፍ በኩል ሲገባ ጸሐፊው ሊሸከመው የሚችል ይሆናል።

አሁን ስለ ማስታወሻ። ደብተርም ይሁን ስልክ ችግር የለውም። ሰውን ተደብቆ ድምፅ መቅዳት ግን አይሆንም። ዋናው የምትጽፉት ነገር ነው። ‹‹ዛሬ መናኸሪያ አንዲት ያዘነች ሴት አየሁ›› ብላችሁ ብትጽፉ ከወር በኋላ ስታነቡት ምንም አይነግራችሁም። ‹‹አውቶቡሱ ከወጣ በኋላም እጇን የምታውለበልብ ሴት፤ በሌላው እጇ ሳትሰጥ የቀረችው ፌስታል አለ›› ብትሉ ግን ሴትየዋ ከዓመት በኋላም እዚያው ቆማ ትጠብቃችኋለች። የተሰማችሁን ተዉትና ያያችሁትን ጻፉ። በዚያው ዕለት ጻፉት። ሁለት መስመር ይበቃል።

ማስታወሻ ሲጠራቀም ሁለቱን አገናኙ። አንድ ነገር ብቻውን ብዙ ጊዜ ታሪክ አይሆንም፤ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ሲጋጠሙ ግን ይነሳሉ። የመናኸሪያዋን ሴት ወስደን ከሳዑዲዋ ልጅ እናት ጋር አንድ እናድርጋት። ልጅቷ መጥታ፣ አረፋን ውላ፣ ተመልሳ ልትሄድ ነው። እናትየው አሁንም እውነቱን አልነገረቻትም። በፌስታሉ ውስጥ የወንድሟ የሕክምና ደረሰኞች አሉ። አውቶቡሱ ሲወጣ ልትሰጣት ነበር። አልሰጠቻትም። ረስታው ነው ወይስ ሆን ብላ? መልሱን እሷም አታውቀው ይሆናል። ይኼን ከማገናኘቴ በፊት ሁለቱም ማስታወሻዎች ቁንጽል ነበሩ።

የቀረው ከባዱ ነገር ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚጽፍ ሰው ጎረቤቱ ያነበዋል። ስም መቀየር ብቻውን ማንንም አይሸፍንም፤ ‹‹ይቺ እኮ እገሊት ናት›› ለመባል አንድ ምልክት ይበቃል። እኔ የምመክረው ፈተና ይህ ነው። ሴትየዋን ወንድ አድርጓት። ሱቁን ወፍጮ ቤት፣ ስኳሩን ጤፍ አድርጉት። ከደሴ ወደ ወልዲያ አዛውሩት። ታሪኩ አሁንም ከቆመ የእናንተ ሆኗል፤ ጻፉት። ከፈረሰ ግን የያዛችሁት ገና የሰው ወሬ ነው። ትንሽ ይቆይ።

ሰው አምኖ የነገራችሁ ምስጢር ሲሆን ደግሞ መቀየሩም አይበቃም። ባለቤቱን ጠይቁ። ‹‹ስለ አንቺ ልጽፍ ነው›› ከማለት ይልቅ የመጀመሪያውን ረቂቅ ይዛችሁ ሂዱና አንብቡላት። ብዙ ሰው ሲነበብለት እናንተ የፈራችሁትን ቦታ አልፎ ሌላ ያላሰባችሁትን ነገር ያርማል፤ ‹‹ያን ቀን እኮ ዝናብ ነበር›› ወይም ‹‹እኔ እሱን አልሰደብኩትም›› ይላል። እርማቱን ተቀበሉ። ብዙ ጊዜ ከእናንተ ይሻላል። ‹‹ተይው ልጄ፣ ይኼ አይጻፍ›› ካሉ ግን ገጹን እዚያው ተዉላቸው፤ ታሪኩ ያስነሳባችሁን ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሰው ላይ ሞክሩት።